ልጃችንን የሚነካው እጅ ተጠሪው ማን ነው?

በሕክምና ቦታ ሕፃናትን ስለሚያግዙ ሰዎችና ስለ ሙያ ፈቃድ የተዘጋጀ የጤና ትምህርት



ልጅ ታሞ ሐኪም ቤት ሲተኛ በአልጋው ዙሪያ ብዙ ሰው ይመላለሳል። ሐኪም አለ፤ ነርስ አለ፤ ደም የሚወስድ የላቦራቶሪ ሠራተኛ አለ። ከዓረብኛ ወደ አማርኛ የሚያስተረጉም፣ ልጁን የሚያጫውት፣ በመርፌ ጊዜ እጁን ይዞ የሚያባብል ሰውም ይኖራል። አንዳንዱ ነጭ ገዋን ለብሷል፤ አንዳንዱ የድርጅት ሰደርያ ለብሷል፤ አንዳንዱ ምንም ምልክት የለውም። ወላጅ ግን በጭንቀት ላይ ስለሆነ ማን ምን እንደሆነ ለይቶ አይጠይቅም። «ለልጄ ደግ የሚያደርግ ሁሉ ይባረክ» ብሎ ያልፋል።

ካርቱም የኖራችሁ ይህን ታውቁታላችሁ። በዴም፣ በጅሬፍ ወይም በሌላ ሰፈር ሆናችሁ ልጅ ይዛችሁ ሆስፒታል ስትሄዱ ዓረብኛ የሚችል ጎረቤት ይዛችሁ ትሄዱ ነበር። ኤፕሪል 15 ቀን 2023 ጦርነቱ ከተነሣ በኋላ ብዙ የከተማው ሆስፒታሎች ሥራ አቆሙ፤ ባለሙያውም ሕመምተኛውም ተበተነ። ዛሬ በካምፕም ሆነ በከተማ ልጆቻችንን የሚያክሙትና የሚያግዙት ሰዎች ብዙ ጊዜ ለእኛ አዲስ ናቸው። ስለዚህ ጥያቄውን ማወቅ አስፈላጊ ሆኗል።

(በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት፣ ካልተገለጸ በስተቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የትምህርቱ ዓላማ

ይህን ትምህርት ካነበባችሁ ወይም ካዳመጣችሁ በኋላ፦

1. በሕክምና ቦታ ሕፃናትን የማገዝ ሥራ ምን እንደሆነ ትረዳላችሁ፤
2. ዲፕሎማ፣ የሙያ ማኅበር ምስክር ወረቀትና የመንግሥት ፈቃድ በምን እንደሚለያዩ ትለያላችሁ፤
3. ልጃችሁን ለሌላ ሰው ከመስጠታችሁ በፊት ምን መጠየቅ እንዳለባችሁ ታውቃላችሁ።

ሥራው ምንድን ነው?

በእኛ ባህል የታመመን ሰው ብቻውን መተው ነውር ነው። እናት፣ አክስት፣ ታላቅ እህት ወይም ጎረቤት ተራ ገብቶ ያስታምማል። በአውሮፓ ግን እስከ 1950ዎቹ ድረስ በብዙ ሆስፒታሎች ወላጅ የተኛ ልጁን የሚያየው በተወሰነ ቀንና ሰዓት ብቻ ነበር። በ1952 ጄምስ ሮበርትሰን የተባለ ሰው ያለ እናቷ ሆስፒታል የተኛች የሁለት ዓመት ልጅ ምን ያህል እንደምትጎዳ በፊልም አሳየ። በ1959 በእንግሊዝ የተቋቋመ የመንግሥት ኮሚቴ ወላጆች ልጆቻቸውን ያለ ገደብ እንዲጠይቁ ሐሳብ አቀረበ። በ1963 ደግሞ ሴቭ ዘ ችልድረን በዚያው አገር በሆስፒታል ልጆችን የሚያጫውቱ ሠራተኞችን መመደብ ጀመረ።

በአሜሪካም በ1955 ኤማ ፕላንክ የተባለች፣ ከቪየና ተሰዳ የመጣች መምህርት፣ በክሊቭላንድ ከተማ ሆስፒታል ይህን ሥራ በመደበኛነት አቋቋመች። ከዚያ ወዲህ ሥራው ራሱን የቻለ ሙያ ሆኗል። በዚህ ጽሑፍ ሠራተኞቹን «የሕፃናት አጋዥ» እንላቸዋለን።

የሕፃናት አጋዥ መድኃኒት አያዝም፤ መርፌም አይወጋም። ሥራው የሚከተለው ነው፦

- ልጁ ምን እንደሚደረግለት በዕድሜው ልክ፣ በሚገባው ቋንቋ መንገር፤
- በመርፌ፣ በቁስል ማጠብና በመሳሰለው ጊዜ ልጁን ማረጋጋት፤
- ተኝቶ ሳለ ጨዋታውና ትምህርቱ እንዳይቋረጥ መርዳት፤
- ወላጅን፣ ወንድምንና እህትን ማበርታት።

እኛ በዘመድ የምንሠራውን ሥራ እነርሱ በደመወዝ አደራጁት ማለት ይቻላል። ይሁን እንጂ በስደት ዘመድ ይበተናል። ብቻዋን አራት ልጆች የያዘች እናት አንዱን አስተኝታ ሦስቱን ለማን ትተዋለች? ስለዚህ ይህ ሥራ ለእኛም የቅንጦት አይደለም።

ጨዋታ የሕክምና ክፍል ነው

አንዳንድ ወላጅ «ልጄ ለመዳን እንጂ ለመጫወት አልመጣም» ይላል። ነገር ግን የዓለም ጤና ድርጅት በምግብ እጥረት ክፉኛ ለተጎዱ ሕፃናት ባወጣው የአሥር ደረጃ ሕክምና ዘጠነኛው ደረጃ ጨዋታ፣ ማነቃቂያና ፍቅር ነው። ድርጅቱ በ2003 ያወጣው መመሪያ በየቀኑ ከ15 እስከ 30 ደቂቃ የተዘጋጀ ጨዋታ እንዲኖር ይመክራል። መጫወቻው መገዛት የለበትም። በክር የተሰካ የጠርሙስ ክዳን፣ ጠጠር የተጨመረበት የተዘጋ የፕላስቲክ ጠርሙስና የጨርቅ አሻንጉሊት ይበቃሉ። (ትንንሽ ነገሮችን ልጁ እንዳይውጥ ተጠንቀቁ።)

ይህ በአገራችንም ተፈትኗል። በጅማ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል በከባድ የምግብ እጥረት የተኙ ከ6 ዓመት በታች የሆኑ 339 ልጆችን ያሳተፈና በ2019 የታተመ ጥናት፣ ከሕክምናው ጋር በጨዋታ የታገዙት ልጆች በእንቅስቃሴ ችሎታቸው የበለጠ መሻሻል ማሳየታቸውን ገልጿል። ፕላምፒ ነት ሰውነትን ይሞላል። ልጁ እንዲቀመጥ፣ እንዲይዝና እንዲራመድ ግን የሚያነሣሣው ሰው ያስፈልገዋል።

መርፌን በተመለከተም የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 ግልጽ ምክር ሰጥቷል። ሕፃን ሲከተብ ወላጅ አብሮ ይሁን፤ ልጁ በወላጅ ይታቀፍ እንጂ ተጋድሞ አይጨፍለቅ፤ ጡት የሚጠባ ከሆነ እየጠባ ይወጋ፤ ከፍ ያለው ልጅ በጨዋታ ወይም በወሬ ሐሳቡ ይወሰድ። «ምንም አያምም» ብሎ መዋሸት ግን ጥሩ አይደለም። የተዋሸ ልጅ በሚቀጥለው ቀን ነርሷን ገና ከሩቅ ሲያያት ይጮኻል። «ትንሽ ትቆነጥጣለች፤ ቶሎ ታልቃለች፤ እኔ ይዤሃለሁ» ማለት ይሻላል።

እንግዲህ ሥራው ይህን ያህል የሚጠቅም ከሆነ፣ ማን ይሥራው? ማንስ ይቆጣጠረው? የፈቃድ ጉዳይ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው።

ሦስቱ ወረቀቶች

ሰዎች ወረቀትን ሁሉ «ሰርተፍኬት» ይላሉ። ወረቀቶቹ ግን የተለያዩ ናቸው።

1. ዲፕሎማ ወይም ዲግሪ። የትምህርት ቤት ወረቀት ነው። «ይህ ሰው ተምሯል» ይላል እንጂ ዛሬ እንዲሠራ አይፈቅድም።

2. የሙያ ማኅበር ምስክር ወረቀት። ባለሙያዎቹ ራሳቸው ያቋቋሙት ማኅበር ፈትኖ የሚሰጠው ነው። ማኅበሩ ሥነ ምግባር የጣሰን አባል ከመዝገቡ ሊሰርዝ ይችላል። ሰውየው ግን በሌላ ስም ሥራውን እንዳይቀጥል የማገድ ኃይል የለውም።

3. የመንግሥት የሙያ ፈቃድ። በሕግ የተቋቋመ አካል የሚሰጠው ነው። ያለ እርሱ መሥራት ወንጀል ነው። ፈቃዱ ይታደሳል፤ ሊታገድ ይችላል፤ ሊነጠቅም ይችላል። ቅሬታ ያለው ሰው የሚሄድበት ቦታ አለው ማለት ነው።

ከሦስቱ በተጨማሪ በአንገት የሚንጠለጠል የድርጅት መታወቂያ አለ። ይህ ሰውየው የት እንደሚሠራ ይናገራል፤ ሐኪም ወይም ነርስ መሆኑን ግን አያረጋግጥም።

የኦምዱርማን ዳያዎች

«ፈቃድ ለተማረ ሰው ብቻ ነው» የሚል ካለ የኦምዱርማንን ታሪክ ይስማ። በ1920ዎቹ መጀመሪያ ሜብል ዎልፍ የተባለች እንግሊዛዊት አዋላጅ በኦምዱርማን የአዋላጆች ትምህርት ቤት ከፈተች። የሚማሩት የሱዳን ሴቶች አብዛኞቹ ማንበብና መጻፍ አይችሉም ነበር። ስለዚህ መድኃኒቱን በቀለሙና በሽታው እንዲለዩ ተደረገ። ሥልጠናውን የጨረሰች ዳያ የሥራ ፈቃድና የዕቃ ሳጥን ይሰጣት ነበር። ሳጥኑም በየጊዜው ይፈተሻል።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛ፣ ፈቃድ የሚሰጠው ለሚሠራው ሥራ የሚበቃ ችሎታ ላለው ሰው ነው፤ ፊደል ያልቆጠረችም ሴት ልታገኘው ትችላለች። ሁለተኛ፣ የወረቀቱ ዋጋ በቁጥጥሩ ላይ ነው። ሳጥኑን የሚከፍት፣ መቀሱ ንጹሕ መሆኑን የሚያይ ሰው ከሌለ ፈቃዱ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ሥዕል ነው።

የሕፃናት አጋዦች የመንግሥት ፈቃድ አላቸው ወይ?

በአብዛኛው ዓለም ለብቻው የተዘጋጀ የመንግሥት ፈቃድ የላቸውም። በአሜሪካ የሙያ ማኅበሩ የመጀመሪያ ዲግሪ፣ 600 ሰዓት የተግባር ልምምድና ፈተና ይጠይቃል፤ ምስክር ወረቀቱም በየአምስት ዓመቱ ይታደሳል። ሐኪምና ነርስ ግን ከየግዛቱ መንግሥት ፈቃድ ማውጣት ሲኖርባቸው፣ የሕፃናት አጋዥ በአብዛኞቹ ግዛቶች ይህ ግዴታ የለበትም። በእንግሊዝም በሥዕል፣ በሙዚቃና በድራማ የሚያክሙ ባለሙያዎች በሕግ ይመዘገባሉ፤ በሆስፒታል የሚያጫውቱት ግን የሚመዘገቡት በፈቃደኝነት ነው።

«መንግሥት ፈቃድ ይስጥ» የሚሉ ወገኖች ምክንያታቸው ግልጽ ነው። ስሙን ማንም ተነሥቶ እንዳይጠራበት፣ ቅሬታ የሚሰማ አካል እንዲኖርና ሆስፒታሎች ሥራውን እንደ ሙያ ቆጥረው ደመወዝ እንዲመድቡለት ይፈልጋሉ። የሚጠራጠሩትም አሉ። ፈቃድ ገንዘብ ያስወጣል፤ ረጅም ትምህርት ይጠይቃል፤ ባለሙያ በጠፋበት ቦታ በሩን ያጠብባል ይላሉ። ይህ ስጋት እኛንም ይመለከታል። ልጃችንን በአማርኛ ወይም በትግርኛ የምታባብለው ሴት ዲግሪ የላትም ተብላ ከዋርድ ብትወጣ የሚጎዳው ልጁ ነው።

በሱዳን ሐኪሞችን፣ የጥርስ ሐኪሞችንና ፋርማሲስቶችን የሚመዘግበው የሱዳን ሕክምና ምክር ቤት ነው። ሕዝቡ መጅሊስ የሚለው ይህን ነው። ነርሶችና ሌሎች የጤና ሙያተኞች በሌላ ብሔራዊ ምክር ቤት ሥር ናቸው። በኢትዮጵያም የምግብ፣ የመድኃኒትና የጤና ክብካቤ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 661/2002 (ዓመቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) ያለ ፈቃድ የጤና ሙያ መሥራትን ከልክሏል። በኋላ የወጡ ሕጎች አዋጁን ቢለውጡትም የፈቃድ ግዴታው አልቀረም። ከ2019 ጀምሮም አዲስ ተመራቂዎች ፈቃድ ለማግኘት አገር አቀፍ የብቃት ምዘና ፈተና ይወስዳሉ።

ታዲያ ፈቃድ የሌለውን አጋዥ ማን ይቆጣጠረው? መልሱ በዓለም አቀፉ የሕፃናት መብቶች ስምምነት አንቀጽ 3 ላይ ይገኛል። ሱዳን ይህን ስምምነት በ1990፣ ኢትዮጵያ በ1991 ተቀብለዋል። አንቀጹ ሕፃናትን የሚንከባከቡ ተቋማት በጤናና በደኅንነት፣ በሠራተኞቻቸው ብዛትና ብቃት፣ እንዲሁም በቁጥጥር ረገድ ሥልጣን ያለው አካል ያወጣውን ደረጃ እንዲያሟሉ መንግሥታትን ያስገድዳል። ስለዚህ ለአጋዡ ፈቃድ ባይኖርም፣ ያስገባው ተቋምና በዋርዱ ያለው ፈቃድ ያለው ባለሙያ ተጠያቂ ናቸው።

የማይጎማ ትምህርት

በአንቀጹ ውስጥ «ብዛት» የሚለው ቃል ለምን እንደገባ ካርቱም በመራራ መንገድ አሳይታናለች። ማይጎማ በከተማው የሚገኝ፣ ወላጅ የሌላቸው ሕፃናት ማሳደጊያ ነበር። ጦርነቱ ሲነሣ አብዛኞቹ ሞግዚቶች መንገዱን አልፈው ሥራ መግባት አልቻሉም። ጥቂቶቹ የቀሩት ለሁሉም ሊደርሱ አልቻሉም። ሕፃናቱ በሰዓቱ የሚያጠባቸው፣ የሚያጥባቸውና ትኩሳታቸውን የሚያይላቸው አጡ። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ50 በላይ ሕፃናት ሞቱ። የተረፉት ወደ 300 የሚጠጉ ልጆች በጁን 2023 ከካርቱም ወጥተው ወደ ዋድ መደኒ ተወሰዱ።

ሞግዚቷ ሐኪም አይደለችም። የመንግሥት ፈቃድም አልነበራት ይሆናል። እርሷ ስትጠፋ ግን ሕፃን ሞተ። እንግዲህ ልጆችን የሚደግፍ ሰው «ዝቅተኛ ሠራተኛ» ተብሎ የሚናቅ አይደለም። እንዲህ ያለ ሥራ በእጁ ያለ ሰው ደግሞ ተጠሪ ሳይኖረው ሊተው አይገባም።

ስደተኛ ለሆናችሁ የጤና ባለሙያዎች

በመካከላችን ነርሶች፣ አዋላጆችና የጤና መኮንኖች አሉ። ወረቀታቸው በጉዞ የጠፋባቸው ወይም በካርቱም ቤታቸው የቀረ ብዙ ናቸው። እናንተን በተመለከተ የሚከተለውን አስታውሱ።

- ሱዳን በ1974 የተቀበለችው የ1951 የስደተኞች ስምምነት በአንቀጽ 19 የታወቀ ዲፕሎማ ያለው ስደተኛ ሙያውን እንዲሠራ የተቻለውን ያህል መልካም አያያዝ እንዲደረግለት ይላል። አንቀጽ 25 ደግሞ ስደተኛ ከአገሩ ማግኘት የማይችለውን ሰነድ በተመለከተ የአስተዳደር እርዳታ እንዲሰጠው ያዛል። ይህ ፈቃድን በቀጥታ አይሰጥም፤ ለመጠየቅ ግን መሠረት ይሆናል።
- የቀረላችሁን ወረቀት ሁሉ ፎቶ አንሥታችሁ ከአንድ በላይ ቦታ አስቀምጡ። የተማራችሁበትን ተቋም፣ የተመረቃችሁበትን ዓመትና የምዝገባ ቁጥራችሁን በጽሑፍ ያዙ።
- ምዝገባ እስክታገኙ በክሊኒኩ ውስጥ በአስተርጓሚነት፣ በጤና አስተማሪነትና በሕፃናት አጋዥነት በኃላፊ ሥር መሥራት ይቻላል ወይ ብላችሁ ጠይቁ።
- ቤት ለቤት መርፌ አትውጉ። ያለ ቦታው በትንሽ ልጅ መቀመጫ ላይ የተወጋ መርፌ ወደ እግር የሚሄደውን ነርቭ ጎድቶ ልጁን ዕድሜ ልኩን ሊያነክሰው ይችላል። ያን ጊዜ የሚጠየቅ ተቋም የለም፤ ልጁም እናንተም ትጎዳላችሁ።

ወላጆች የሚጠይቋቸው አምስት ጥያቄዎች

መጠየቅ ነውር አይደለም። በትሕትና እንዲህ ማለት ይቻላል፦

1. «ስምዎ ማን ነው? ሥራዎስ ምንድን ነው?» እውነተኛ ባለሙያ በዚህ አይቆጣም።
2. «ለልጄ ምን ሊያደርጉለት ነው?» ማጫወት ነው? ማስተርጎም ነው? መርፌ ነው? መርፌ፣ መድኃኒትና ደም መውሰድ ፈቃድ ላለው ብቻ ነው።
3. «ተጠሪዎ ማን ነው?» ከሁሉ የሚበልጠው ጥያቄ ይህ ነው። የአለቃውን ስም መናገር የማይችል ሰው ልጅ ሊይዝ አይገባውም።
4. «እኔ አብሬ ልሁን?» ካልተቻለ ምክንያቱ ይነገራችሁ፤ ሌላ አዋቂ በቦታው ይኑር።
5. «ቅሬታ ቢኖረኝ ለማን ልንገር?»

የአደጋ ምልክቶች

የሚከተሉትን ካያችሁ ዝም አትበሉ፦

- ልጁን ብቻውን ወደ ተዘጋ ክፍል መውሰድ የሚፈልግ፤
- «ለእናትህ እንዳትነግር» የሚል፤
- ሳይፈቀድለት የልጁን ፎቶ የሚያነሣ፤
- ለእርዳታ ወይም ለሕክምና ወረፋ ገንዘብ ወይም ሌላ ነገር የሚጠይቅ።

በ2003 የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ዋና ጸሐፊ ያወጡት መመሪያ የድርጅቱ ሠራተኞች ከ18 ዓመት በታች ከሆነ ልጅ ጋር ማንኛውንም የወሲብ ግንኙነት እንዳያደርጉ ይከለክላል። «ዕድሜዋን አላወቅሁም» ማለት መከላከያ አይሆንም። ምግብን፣ ሕክምናን ወይም ሌላ እርዳታን በወሲብ መለወጥም ክልክል ነው።

ቅሬታ ሲኖር በመጀመሪያ ለክሊኒኩ ኃላፊ ንገሩ። እርሱ ራሱ ከሆነ የተጠረጠረው፣ ወይም ካልሰማችሁ፣ ለዩኤንኤችሲአር የከለላ ክፍል ወይም ለሱዳን የስደተኞች ኮሚሽን አመልክቱ። መጻፍ የማይችል ሰው በቃል ይናገር። በማመልከታችሁ እርዳታ ሊቀርባችሁ አይገባም። ልጁ በአካሉ ላይ ጉዳት ከደረሰበት ግን ከሁሉ በፊት ወደ ሕክምና ውሰዱት።

ማጠቃለያ

በሕክምና ቦታ ልጅን ማረጋጋት፣ ማጫወትና ማስረዳት እውነተኛ ሥራ ነው። በብዙ አገር ይህን ሥራ መንግሥት ገና በፈቃድ አልያዘውም። ይህ ማለት ግን ማንም ሰው እንደ ፈለገ ይግባ ማለት አይደለም። ፈቃድ ያለው ባለሙያ ለሕግ ተጠሪ ነው፤ ፈቃድ የሌለው አጋዥ ደግሞ ለእርሱና ለተቋሙ ተጠሪ መሆን አለበት። ይህ ሰንሰለት የት ላይ እንደተበጠሰ ከሁሉ ቀድሞ ማየት የሚችለው ከልጁ አልጋ አጠገብ ያለው ወላጅ ነው።

የውይይት ጥያቄዎች

1. ለመጨረሻ ጊዜ ልጃችሁን ስታሳክሙ ከረዷችሁ ሰዎች መካከል የስንቶቹን ሥራ ታውቃላችሁ?
2. በካምፓችሁ ልጆችን በማባበልና በማስተርጎም የምትረዳ ሴት ብትኖር፣ ለማን ተጠሪ ብትሆን ይሻላል? ምን ዓይነት ሥልጠናስ ያስፈልጋታል?
3. የኦምዱርማን ዳያዎች ሳጥን ይፈተሽ ነበር። በእናንተ ክሊኒክ እንዲህ የሚፈተሸው ነገር ምንድን ነው? ማንስ ይፈትሸዋል?